ዘግይታ ነው ወይስ ተቻኩላ?
ስለ ጀርመን «ዓይነት 21» ሰርጓጅ መርከብ የቀረበ ሂስ

ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተጻፉ መጻሕፍትና በተሠሩ ዘጋቢ ፊልሞች ውስጥ ደጋግሞ የሚያጋጥመን አንድ ፍርድ አለ። ይኸውም የጀርመን «ዓይነት 21» ሰርጓጅ መርከብ አንድ ዓመት ቀደም ብላ ብትደርስ ኖሮ የአትላንቲክ ውቅያኖስ ጦርነት መልኩ ይለወጥ ነበር የሚል ነው። ተማሪዎችም ይህንኑ በድርሰታቸው ሲያስተጋቡት ይታያል። አባባሉ ለጆሮ ይጥማል፤ የንድፍ አውጪዎቹን ብልኀት ያደንቅና ጥፋቱን ሁሉ በጊዜ ላይ ይጥላል። እኔ ግን ይህ ፍርድ ሲመረመር በእግሩ የሚቆም አይመስለኝም። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

በመጀመሪያ ለንድፉ የሚገባውን ምስጋና እንስጥ። ከዓይነት 21 በፊት የነበሩት መርከቦች ስማቸው ሰርጓጅ ይሁን እንጂ ጠባያቸው የውኃ ላይ መርከብ ጠባይ ነበር። ጀርመኖች ከሁሉ አብልጠው የሠሩት «ዓይነት 7 ሲ» 67 ሜትር ርዝመት ሲኖረው፣ በውኃ ላይ በሰዓት 33 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከጠለቀ በኋላ ግን ከ14 ኪሎ ሜትር እምብዛም አያልፍም፤ ያንንም ባትሪው የሚችለው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ምክንያቱ ለማንኛውም የፊዚክስ ተማሪ ግልጽ ነው። የናፍጣ ሞተር ያለ አየር አይሠራም። ስለዚህ መርከቡ ጠልቆ የሚጓዘው በኤሌክትሪክ ሞተር ነው፤ ባትሪው ሲደክም ደግሞ ለመሙላት ወደ ላይ መውጣት ግድ ይሆንበታል። በ1943 ራዳር የያዙ አውሮፕላኖች ውቅያኖሱን ማሰስ ሲያዘወትሩ ወደ ላይ መውጣት ሞትን መጥራት ሆነ። በዚያ ዓመት በግንቦት ወር ብቻ 40 ያህል የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ጠፍተዋል።

መፍትሔው የመጣው በጎን በር ነው። ሄልሙት ቫልተር የተባለው መሐንዲስ ከውጭ አየር የማይፈልግ፣ በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ የሚሠራ ተርባይን ለዓመታት ሲያዳብር ቆይቶ ነበር። ተርባይኑ ገና አልደረሰም፤ ነዳጁም ውድና አደገኛ ነው። ለእርሱ ተብሎ የተነደፈው ቀፎ ግን ሰፊና ውኃን በቀላሉ የሚሰነጥቅ ነበር። ንድፍ አውጪዎቹ በዚያ ቀፎ ሆድ ውስጥ ለነዳጁ የታሰበውን ቦታ በባትሪ ሞሉት። የቀድሞዎቹን ሦስት እጥፍ ያህል ባትሪ ገባበት። የመርከቧ ርዝመት 77 ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ ክብደቷ በውኃ ላይ 1,600 ቶን ያህል ሆነ። ጠልቃ በሰዓት 32 ኪሎ ሜትር ያህል መሮጥ የምትችል ሆነች፤ ይህም በውኃ ላይ ካላት ፍጥነት ይበልጣል። በዝግታ፣ በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትጓዝ ደግሞ ሳትወጣ 630 ኪሎ ሜትር ያህል ትዘልቃለች። ባትሪዋንም የምትሞላው ጠልቃ እንዳለች፣ ሽኖርክል በተባለው ረጅም ቧንቧ አየር እየሳበች ነው። እኔን የሚያስደንቀኝ በዚህ ሁሉ ውስጥ ከባዶ የተፈለሰፈ ነገር አለመኖሩ ነው። ባትሪው፣ ሞተሩ፣ ቧንቧው ሁሉ የታወቀ ነው፤ አዲሱ ነገር አደራደሩ ነበር።

ነገር ግን ንድፍ መርከብ አይደለም። የባሕር ኃይሉ አዛዥ ዶኒትስ ሐሳቡን በ1943 በጋ ሲቀበል፣ በተለመደው አሠራር መርከቦቹ ቶሎ እንደማይደርሱ ታወቀ። በዚህ ጊዜ የጦር መሣሪያ ሚኒስትሩ ሽፔር ሥራውን ለኦቶ መርከር ሰጠው። መርከር የመጣው ከተሽከርካሪ ፋብሪካ ነው፤ መርከብ ሠርቶ አያውቅም። እርሱም መርከቧን እንደ ዳቦ ስምንት ቦታ ቆረጣት። በመሐል አገር ያሉ የብረት ፋብሪካዎች የቀፎውን ቁራጮች ይበይዳሉ፤ በወደብ ያሉ ሌሎች ድርጅቶች ሞተሩን፣ ቧንቧውንና ሽቦውን ይገጥማሉ፤ በመጨረሻም በሐምቡርግ፣ በብሬመንና በዳንሲግ ያሉ ሦስት የመርከብ መሥሪያዎች ቁራጮቹን አጋጥመው ይበይዳሉ። አንድ የሙከራ መርከብ እንኳ አስቀድሞ አልተሠራም።

በእጅ ሥራ ክፍል ሁለት የቧንቧ ቁራጮችን ገጥሞ የበየደ ተማሪ ችግሩን ያውቀዋል። አንዱ ጥቂት እንኳ ክብነቱ ከጎደለ አፍ ለአፍ አይገጥምም። እንግዲህ የቧንቧው ስፋት ከአምስት ሜትር በላይ፣ የሚሸከመውም የጥልቅ ባሕርን ግፊት ሲሆን ምን እንደሚመጣ መገመት አያዳግትም። መርከብ ሠርተው የማያውቁ ፋብሪካዎች የላኳቸው ቁራጮች አልገጥም እያሉ፣ በወረቀት ላይ የተቆጠበው ጊዜ በማቃናትና በመጠገን አለቀ። ዩ-3501 የተባለችው የመጀመሪያዋ መርከብ በሚያዝያ 19 ቀን 1944፣ በሂትለር ልደት ዋዜማ፣ ሥራዋ ሳያልቅ ወደ ውኃ ተገፋች፤ ወዲያውም ወደ መጠገኛ ተመለሰች። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይኸው ነው።

ከጦርነቱ በኋላ መርከቦቹን የመረመሩት አሜሪካውያን ያገኙት ጉድለት በብየዳው ብቻ አላበቃም። በዘይት ግፊት ከሚሠሩት ቧንቧዎች ከፊሎቹ ከጠንካራው ቀፎ ውጭ የተዘረጉ ስለሆኑ በጉዞ ላይ ሊጠገኑ አይችሉም። አየር በኃይል ወደ ናፍጣ ሞተሩ እንዲያስገባ የታሰበው መሣሪያ ከሽኖርክሉ ጋር አልስማማ ስላለ የእያንዳንዱ ሞተር ጉልበት ከ2,000 ወደ 1,200 የፈረስ ጉልበት ወረደ። አንድ የሙከራ መርከብ ተሠርታ ቢሆን ኖሮ እነዚህ ሁሉ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በታወቁ ነበር።

«የአውሮፕላን ድብደባውስ?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ድብደባው ብዙ ጎድቷል። ግን ቁራጮቹ በባቡር የማይጫኑ ግዙፎች ስለነበሩ የሚጓዙት በመሐል አገር ቦዮች ነበር፤ በ1944 መስከረም የዶርትሙንድና የኤምስ ቦይ ሲመታ ሥራው ተሰናከለ። ዕቅዱ በተነደፈበት ወር፣ በሐምሌ 1943፣ ሐምቡርግ በእሳት ነድዳለች። ከዚህ በኋላ አንዲትን መርከብ በብዙ ከተሞች በትኖ መሥራት ምን ያህል ለአደጋ እንደሚያጋልጥ አልታወቀም ነበር ለማለት ያስቸግራል። ስለዚህ መዘግየቱ ከውጭ የመጣ ክፉ ዕድል ብቻ ሳይሆን ከአሠራሩ ጋር አብሮ የተወለደ ነበር። እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ 118 መርከቦች ተረከቡ ተባለ፤ ለጦርነት ጉዞ የወጡት ሁለት ብቻ ናቸው፤ እነርሱም አንድ መርከብ አላሰጠሙም። ኋላ አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት ከዚሁ ንድፍ ብዙ መማራቸው የንድፉን ጥራት ያስረዳል እንጂ የተሠሩትን መርከቦች ነፃ አያወጣም።

በጸሐፊዎቹ ላይ ያለኝ ትልቁ ቅሬታ ግን ሌላ ነው። ስለ ባትሪው ገጾች የሚጽፉት ሰዎች ስለ ሠራተኛው አንድ መስመር ጽፈው ያልፋሉ። ብሬመን አጠገብ ፋርገ በተባለ ቦታ፣ በቬዘር ወንዝ ዳር፣ «ቫለንቲን» የተባለ የአርማታ ሕንፃ ተጀምሮ ነበር። ርዝመቱ 426 ሜትር፣ የጣሪያው ውፍረት ከ4 ሜትር ተኩል እስከ 7 ሜትር ነው። የዓይነት 21 ቁራጮች በዚያ እየተገጣጠሙ በወር 14 መርከቦች እንዲወጡ ታቅዶ ነበር። ከ1943 ጀምሮ ሲሚንቶውንና ብረቱን የተሸከሙት በግዳጅ የመጡ የውጭ አገር ሠራተኞች፣ የጦር ምርኮኞችና የማጎሪያ ካምፕ እስረኞች ነበሩ፤ ከአንድ ሺህ በላይ የሚሆኑት እዚያው አለቁ። በመጋቢት 1945 የእንግሊዝ ቦምቦች ጣሪያውን ቀደዱት፤ ሥራውም ቆመ። ከዚያ ሕንፃ አንዲት መርከብ አልወጣችም። «አንድ ዓመት ቀደም ብትል» የሚለው ሰው፣ ያ አንድ ዓመት ከማን ጉልበት ይገኝ እንደነበር አብሮ መናገር አለበት።

ስለዚህ ርእሱን በክፍል የሚያስተምር መምህር ሁለት ሥዕሎችን ጎን ለጎን ቢያሳይ መልካም ነው። አንደኛው የዩ-2540 ሥዕል ነው። እርሷ በ1945 በገዛ ባሕርተኞቿ ሰጥማ፣ በ1957 ከባሕር ወለል ወጥታ፣ ከ1984 ጀምሮ በብሬመርሃፈን ሙዚየም ሆናለች፤ ጎብኚ ገብቶ የባትሪውን ቦታ ማየት ይችላል። ሁለተኛው የቫለንቲን ሕንፃ ነው። የምዕራብ ጀርመን ባሕር ኃይል ከፊሉን ለብዙ ዓመታት በዕቃ ማከማቻነት ሲገለገልበት ቆይቶ፣ የመታሰቢያ ስፍራ ሆኖ ለሕዝብ የተከፈተው በ2015 ነው። ሁለቱም ያሉት በዚያው በቬዘር ወንዝ ዳር ነው።