ከበሮ በዴም

ከበሮ ጎንደር ላይ ይረግባል፣ ካርቱም ላይ ይከራል። የቤተ ክርስቲያኑን አቋቋም የተማርኩት ደጋ ነውና የማውቀው የመጀመሪያውን ብቻ ነበር፤ ነሐሴ ላይ ቆዳው እርጥበት ጠጥቶ ድምፁ ሲሞት እሳት ዳር አስጠግተን እናሞቀዋለን። ካርቱም፣ ዴም ሰፈር ስገባ ነገሩ ተገለበጠ። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ደረቁ አየር ቆዳውን ወጥሮ ይይዘዋል። ትንሹ አፍ እንደ ቆርቆሮ ይጮሃል፣ ትልቁ ጉርምርምታው ይጠፋል። በእርጥብ ጨርቅ መጠቅለልን የለመድኩት እዚያ ነው። ጨርቁ ሁለቴ ተጨምቆ ጠብ የማይል መሆን አለበት፤ ጠፍሩ ከራሰ ሲደርቅ ይኮማተርና ቆዳውን ይቀደዋል። አንድ ከበሮ እንዲህ አጥፍቻለሁ።

የፈረንጆቹ ባለ ቧንቧ ኦርጋንም ከሙቀት አያመልጥም። በ20 ዲግሪ 440 ሄርዝ ላይ የተቃኘ ቧንቧ አየሩ 30 ሲደርስ ወደ 447 ይወጣል። ከኛ የሚለየው በሕንፃው ነው። ትልቅ የድንጋይ ካቴድራል ድምፁን ለሰከንዶች ይዞ ያቆየዋል፤ ኦርጋን ደግሞ በዚያ ያምርበታል። አቋቋም ግን አያምርበትም። ዝማሜውና መረግዱ ቀስ ያለ ነውና ይቻላል፤ ፈጣኑ ጽፋት ላይ ሲደረስ ግን አንዱ ምት ሌላውን ይውጠዋል።

ካርቱም ችግሩ ሌላ ነበር። ዓርብ የሱዳን የዕረፍት ቀን ስለሆነ ሕዝቡ የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ ይሞላው ነበር። ሜዳ ላይ ድምፅ የሚመልስ ግድግዳ የለም፤ የመታኸው ሄደ ነው። እኔ ደግሞ ባዶነቱን በምት ብዛት ልሞላው እሞክር ነበር። አንድ አረጋዊ መሪጌታ መቋሚያቸውን እግሬ ላይ አሳርፈው፣ “አንተ ልጅ፣ አትሩጥ! ጸናጽሉ ይድረስ እንጂ” አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ትልቁን አፍ በሙሉ መዳፌ መታሁ፤ በየመካከሉም ዝም አልኩ።

በዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል ስለማይመቱ የሚታደሱት ያኔ ነው። በ2015 ዓ.ም. አንዱን ከበሮ ዴም ቤቴ ወስጄ ጠፍሩን በሙሉ ቀየርኩት፤ ለትንሣኤ ሌሊት እንዲደርስ። ቀዳም ስዑር፣ ሚያዝያ 7 ጠዋት፣ ረክሻ ልጠራ ብቅ ስል የሱዳኑ ጦርነት ተኩስ ተጀመረ። ሱዳናዊቷ ጎረቤቴ በበሯ ስንጥቅ፣ “ያ ሐበሻ፣ ኹሽ ጁዋ!” ብላ ጮኸችብኝ፤ ግባ ማለቷ ነው። ገባሁ። ከበሮውን ከአልጋው ሥር አኖርኩትና ጨርቁን ሦስት ቀን አረጠብኩለት። በአራተኛው ቀን የቀረችው ውሃ ለመጠጥ ሆነች።