ሱዳ 51 እስከ ዛሬ የት ነበር!

ጌም ማለት ኳስና የመኪና እሽቅድምድም ነው ብላችሁ ጆይስቲኩን ያስቀመጣችሁ ሁሉ፣ መልሳችሁ አንሱት! አንድ ጃፓናዊ አግኝቼ ለብቻዬ ይዤው መቀመጥ አቅቶኛል። ስሙ ጎይቺ ሱዳ ነው፤ ሥራዎቹ ላይ የሚፈርመው ግን «ሱዳ 51» እያለ ነው። ወደ ጌም ከመግባቱ በፊት የቀብር አስፈጻሚ ድርጅት ሠራተኛ ነበር። ቀልድ አይደለም። ከዚያ ወጥቶ በተቀጠረበት ኩባንያ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 ለወጣ አንድ የነጻ ትግል ጌም ታሪክ ጻፈ። ተጫዋቹ ስንቱን ጥሎ፣ ስንት ላብ አፍስሶ ሻምፒዮን ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ባለታሪኩ ራሱን ያጠፋል። ይኸው ነው መጨረሻው። የትግል ጌም እኮ ነው፣ ጎበዝ!

በ1998 ግራስሆፐር ማኑፋክቸር የተባለውን የራሱን ስቱዲዮ አቋቋመ። ከዚያ ወዲህ የሚቆጣጠረው የጠፋ ይመስላል፤ እሰየው!

እኔን ያሳበደኝ «ኪለር ሰቨን» ነው። ካፕኮም የተባለው ኩባንያ በ2005 ለጌምኪዩብና ለፕሌይስቴሽን 2 ኮንሶሎች ያወጣው ጌም ነው። ሃርማን ስሚዝ የሚባል በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሽማግሌ አለ፤ ከእሱም ጋር እንደየሁኔታው የሚፈራረቁ ሰባት ነፍሰ ገዳዮች። አንዱ ዓይነ ስውር ነው፤ የሚመራው በጆሮው ነው። አንዷ የእጇን አንጓ ቆርጣ በሚረጨው ደም የተዘጋ መንገድ ትከፍታለች። አንዱ ደግሞ ጭንብል ያጠለቀ ነጻ ታጋይ ሲሆን ቦምብ እየተኮሰ ይዞራል። ከመካከላቸው አንዱ ሲገደል ጋርሲያን የተባለው እስከ ሞተበት ቦታ ሄዶ፣ ጭንቅላቱን በከረጢት ይዞ ተመልሶ ያስነሳዋል። ሌላው ጌም «ሞተሃል፣ እንደገና ሞክር» ብሎ በሦስት ቃል የሚያልፈውን ነገር ሱዳ የታሪኩ አካል አደረገው። የዚህ ሰው አዋቂነት ሁሉ እዚህ ላይ ነው ያለው፤ ሌሎች የሚያፍሩበትንና ቶሎ የሚሸፍኑትን ነገር እሱ መድረክ ላይ ያወጣዋል።

አካሄዱን ደግሞ ስሙት። እንደ ልብ መዞር ብሎ ነገር የለም። አንድ ቁልፍ ተጭናችሁ ስትይዙ ሰውየው በተሰመረለት መንገድ ይሮጣል፤ ሌላውን ስትጫኑ ፊቱን ያዞራል፤ መገንጠያ ሲደርስ ትመርጣላችሁ። አለቀ። ሲወራ እስር ቤት ይመስላል፤ ጌሙ ሲወጣም ብዙ ተቺ ያኮረፈው በዚሁ ነው። ነገር ግን የተጫዋቹ እግር ስለታሰረ ካሜራው ነጻ ወጣ! እያንዳንዱ ኮሪደር ከየት አቅጣጫ እንደሚታይ፣ ጥቁሩ ጥላ ግድግዳውን የት ላይ እንደሚቆርጠው ተወስኖ ያለቀ ነው። ቀለሙ ድፍን ነው፤ ፊት ላይ መጨማደድ፣ ልብስ ላይ ክር የለም። ማንኛውም ቦታ ላይ ብታስቆሙት የግድግዳ ፖስተር ይወጣዋል።

ጠላቶቹስ? አይታዩም። መጀመሪያ የምትሰሙት ሳቅ ነው። ጭር ባለ ኮሪደር አንድ የሚያስጠላ ሳቅ ከሆነ ቦታ ይመጣል። ቆማችሁ፣ መሣሪያ ደግናችሁ፣ አየሩን ስታስሱ ነው ጥርሱን ያገጠጠው ፍጡር ብቅ የሚለው፤ እየተንገዳገደ ወደ እናንተ ይመጣል፣ ከደረሰባችሁ ይፈነዳባችኋል። ሰውነቱ ላይ የምታበራ አንዲት ቢጫ ነጥብ አለች። እሷን ካገኛችኋት በአንድ ጥይት ወደ ደም ጠብታነት ይበተናል። እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሳቁ ይቀርባል፣ ነጥቧ ትወዛወዛለች። ከስንት ውድ የተኩስ ጌም ያላገኘሁትን ድንጋጤ ከአንዲት ነጥብ አገኘሁት። የማሳፉሚ ታካዳ ሙዚቃ ከኋላ ሲጨመርበት ደግሞ ተዉኝ።

ታሪኩ የአሜሪካና የጃፓንን ፖለቲካ የሚያማስል ነው። ሙሉ በሙሉ ገባኝ የሚል ካለ ይዋሻል። ምንም አይደለም።

ከዚያ ወደ «ኖ ሞር ሂሮስ» እለፉ። በ2007 ዊ ለተባለው የኔንቴንዶ ኮንሶል የተሠራ ነው። ትራቪስ ተችዳውን የሚባል፣ ሞቴል ውስጥ የሚኖር፣ የብርሃን ሰይፉን በኢንተርኔት ጨረታ የገዛ ሥራ ፈት የነፍሰ ገዳዮች ቁጥር አንድ ልሁን ብሎ ይነሳል። ጌሙ የደረሰበት እንዲመዘገብለት ሽንት ቤት ገብቶ ይቀመጣል! ስልክ ሲደወልለት ድምፁ የሚወጣው ከቴሌቪዥኑ ሳይሆን ከያዛችሁት ሪሞት ነው፤ ወደ ጆሯችሁ አስጠግታችሁ ነው የምታዳምጡት። ከእያንዳንዱ ፍልሚያ በፊት የመግቢያ ክፍያ አለ፤ ገንዘቡ እንዲገኝ ኮኮናት መልቀም፣ ሣር ማጨድ፣ ቆሻሻ ማንሳት ነው። ታላቁ ጀግና እንግዲህ ሣር ያጭዳል። አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ክፍያውን አሟልታችሁ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ በሚያስነሳ ማሽን ከሚመካ ባላጋራ ፊት ትደርሳላችሁ። እጃችሁን ስታሟሹ ሌላ ሰው ከየት መጣ ሳይባል ብቅ ብሎ በአንድ ምት ይገድልላችኋል። ፍልሚያው ቀረ፣ ገንዘቡም ሄደ። የተጫዋቹን ንዴት እንዲህ አስልቶ የሚቀልድበት ዳይሬክተር ሌላ አላውቅም፤ በሳቅ ፈርሻለሁ።

«ፍላወር፣ ሰን ኤንድ ሬይን»ንም አትርሱ፤ የ2001 ሥራው ነው። አንድ ቀን ተመልሶ ተመልሶ የሚነጋበት የደሴት ሆቴል፣ ከሆቴሉ ልውጣ ባለ ቁጥር ሌላ ሰው ጉዳይ ይዞ የሚያስቆመው መርማሪ፣ መልሱ ሁሉ በቱሪስት መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ የተደበቀ እንቆቅልሽ። ትዕግሥት ይፈትናል፣ ሆን ብሎ ነው የሚፈትነው። «ሎሊፖፕ ቼይንሶው»ን ግን ብትዘሉት ብዙ አይቀርባችሁም፤ ጩኸቱ ከጣዕሙ ይበልጣል።

የሱዳ ጌሞች ደምና ጸያፍ ቃል ስለሚበዛባቸው ልጆች ባሉበት አይከፈቱም። «ኪለር ሰቨን» በ2018 ለኮምፒውተርም ወጥቷል፣ ስቲም በተባለው የኢንተርኔት የጌም መደብር ላይ ይገኛል፤ ውድ ማሽንም አይጠይቅም። ከእሱ ጀምሩ፣ የመጀመሪያውን ሰዓት ግራ ቢያጋባችሁም እንዳታቋርጡት፣ ጆሮ ማዳመጫ ማድረጉንም አትርሱ።