በተራራ ሆድ ውስጥ ያለች ደሴት

እስከ ዛሬ የት ነበርኩ? ስንት ዓመት ሙሉ በጅማ መንገድ ስመላለስ፣ ወሊሶ ላይ ወርጄ ምሳ ስበላ፣ ቡና ስጠጣ፣ ጎማ ሳስነፋ፣ አንድ ቀን እንኳ አንገቴን ወደ ሰሜን አላዞርኩም። ወንጪ ከከተማው 40 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ላይ ቁጭ ብሎ ነበር። ወሬውን ሰምቻለሁ፣ በቴሌቪዥንም አይቼዋለሁ። "ደግሞ ሌላ ሐይቅ!" ብዬ ጣቢያ መቀየሬ ትዝ ሲለኝ ያሳፍረኛል።

ቅዳሜ ከንጋቱ 11 ሰዓት አራት ሆነን ተነሳን። ዓለም ገና፣ ሰበታ፣ ተፍኪ፣ ቱሉ ቦሎ… መንገዱን ታውቁታላችሁ፣ አላሰለቻችሁም። ከወሊሶ ወደ ቀኝ ከታጠፍን በኋላ ግን መኪናው መውጣት ይጀምራል። ይወጣል፣ ደግሞ ይወጣል። ጆሮ ይደፈናል። ገብሱና እንሰቱ ይበዛል፣ ብርዱ በመስኮት ክፍተት ይገባል፣ ጋቢ ያልያዘ ሰው (ማለትም እኔ) እጁን ብብቱ ውስጥ ይከታል። እኛ የላንጋኖና የዝዋይ ልጆች ሐይቅ የምናውቀው ቆላ ወርደን ነው። ይሄ ሁሉ ዳገት ለምን? ከኋላ የተቀመጠው ጓደኛችን "ተሳስታችኋል፣ ይሄ መንገድ ወደ ሰማይ ነው" አለ።

ከዚያ ጫፉ ላይ ደረስን። መኪናው ቆመ፣ በሩን ከፈትኩ፣ አምስት እርምጃ ሄድኩ፣ መሬቱ አለቀ።

ምን ልበላችሁ! ከእግሬ ሥር ተራራው ሆዱን ከፍቶ ተኝቷል። ዙሪያውን ገደል፣ ገደሉ ላይ ጽድና አስታ፣ ከሥሩ በእርሻ የተከፋፈለ ተዳፋት፣ ከእርሻው ሥር ደግሞ ውሃ! እንደ ጣት በየሸለቆው የገባ፣ አንዱ ጎኑ ጥቁር አረንጓዴ፣ ፀሐይ የነካው ሌላው ጎኑ ብር የመሰለ። መሃሉ ላይ በዛፍ የተሸፈነች ደሴት። ጉም ከወዲያኛው ጫፍ ተነስቶ መጣና ሸፈናት፤ ወዲያው ደግሞ ገለጣት። አራታችንም ዝም አልን። እኛ ዝም ስንል እንግዲህ ገምቱት።

ነገሩ ይሄ ነው፤ ወንጪ የጥንት እሳተ ገሞራ ነው። የጉድጓዱ ከንፈር ከፍ ባለበት ቦታ ከ3,300 ሜትር ያልፋል፣ ሐይቁ ራሱ ደግሞ 2,900 ሜትር ገደማ ላይ ነው። መስቀል አደባባይ ቆመን "ደጋ ነን" የምንል ሰዎች ከዚያ ውሃ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ብለን ነው የምንኖረው። ጣናማ ከሺህ ሜትር በላይ ወደ ታች ይቀራል። ይሄን ቁጥር ሳንባዬ ከእኔ ቀድሞ አውቆታል፤ ጫማዬን ለማሰር ጎንበስ ብዬ ቀና ስል ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር።

ቁልቁለቱን በፈረስ ወረድን። የመጨረሻ ጊዜ ፈረስ ላይ የወጣሁት በልጅነቴ፣ ጃን ሜዳ፣ ያውም ለፎቶ ነው። የኔው ቡላ ፈረስ ገደሉ ጠርዝ ጠርዙን ይወዳል፤ ውስጥ ውስጡን ሂድ ብዬ ልጓሙን ስስብ ጭራሽ ቆመ። ከፊት የሚሄደው የፈረሱ ባለቤት፣ ወጣት ልጅ ነው፣ ዞሮ ሳቀና፣ "ጋሼ፣ ላላ ያድርጉለት። መንገዱን እሱ ያውቃል" አለኝ። ላላ አደረግኩለት። እውነትም ያውቃል! ጭቃው ላይ መጀመሪያ አንድ እግሩን ያሳርፋል፣ ይፈትሻል፣ ከዚያ ክብደቱን ይለቃል። መሬት የሚፈትሽ ፈረስ አይቼ አላውቅም። ከታች ስንደርስ "ገለቶሚ" አልኩ፤ ለልጁ ይሁን ለፈረሱ አላውቅም።

ከዚያ ጀልባ። የእንጨት፣ የመቅዘፊያ፣ ግርጌው ላይ አንድ ጣት የሚያህል ውሃ ያቆረ። ቀዛፊው ግማሹ የተቆረጠ ቢጫ ጀሪካን አቀበለኝና ውሃውን እየቀዳሁ እንዳወጣ በእጁ አሳየኝ። የመርከብ ሠራተኛ ሆንኩ በሉኛ! መሃል ስንደርስ መቅዘፉን አቆመ። አቤት ያ ጸጥታ! ከመቅዘፊያው ጫፍ የሚንጠባጠበው ውሃ አንድ በአንድ ይሰማል፤ ከወዲያኛው ተዳፋት በሬውን የሚያበረታ ገበሬ ድምፅ ውሃውን ተሻግሮ ጆሯችን ሥር ይወድቃል። ዙሪያችንን ተራራ፣ ከላይ ክብ ሰማይ። እንስራ ውስጥ የገባች ጉንዳን ሽቅብ ስታይ ይሄን የምታይ ይመስለኛል።

ደሴቷ ላይ ያለው የቂርቆስ ገዳም ነው። ያ እናቱን ኢየሉጣን "አይዞሽ" ያለው ሕፃን፣ በፈላ ውሃ አልቃጠል ያለው። ልብ በሉ፣ ከሐይቁ ማዶ ባለው ሸለቆ ከመሬት የሚፈልቅ ፍል ውሃ አለ፤ የፈላ ውሃ አገር ላይ ቂርቆስን ማን አሰበው? ግጥምጥሞሹ ብቻ ደስ አለኝ። ጫማችንን አውልቀን ደጁን ተሳለምን። እርጥቡ ሣር እግር ያቃጥላል፣ በብርድ። አንድ አረጋዊ አባት ከዛፍ ሥር ተነስተው መጡና መስቀል አሳለሙን።

"ከየት መጣችሁ ልጆቼ?"

"ከአዲስ አበባ፣ አባ።"

"መቼ ተነሳችሁ?"

"ዛሬ ጠዋት።"

"ዛሬ!" አሉና ቆሎ በእፍኛችን ሰጡን። ትኩስ ነበር። በሕይወቴ ብዙ ቆሎ በልቻለሁ፤ በዚያ ብርድ፣ በባዶ እግር፣ ውሃ መሃል ቆሜ የበላሁትን ያህል የጣመኝ የለም።

በ2021 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ወንጪን ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ብሎ መርጧታል። በገበታ ለሀገር ፕሮጀክትም አዲስ ማረፊያ ተሠርቶላታል፤ ምቾት የሚፈልግ እዚያ ይደር። እኔ ግን ፈረሱንና የሚያፈሰውን ጀልባ አልለውጥም፤ ጉልበቴ ሁለት ቀን ሙሉ ደረጃ አላስወርድ ቢለኝም።

ስንመለስ በአምቦ በኩል ዞርን፣ ጊንጪን፣ ሆለታን አልፈን ማታ 2 ሰዓት ላይ ቤት ገባን። ጃኬቴን ሳወልቅ ኪሴ ውስጥ ሰባት ፍሬ ቆሎ አገኘሁ። አልበላኋቸውም፤ ለእህቴ ደወልኩላት። የሚቀጥለው ቅዳሜ፣ 11 ሰዓት፣ መኪናው ውስጥ አንድ ቦታ አለ፤ ጋቢ ያዢ።