“1780” የሚል የአንገት መስቀል ስንት ዓመቱ ነው?

የአያታችሁን የአንገት መስቀል ከነማተቡ ተቀበሉና ጀርባውን ገልብጣችሁ እዩት። እንጅባራም ሁኑ ዳንግላ፣ የሠራው ሰው ስም ተጽፎበት የማግኘት ዕድላችሁ በጣም ትንሽ ነው። አንዳንዱ ላይ ግን የተፋቀ የላቲን ፊደል ወይም የአንዲት ወፈር ያለች ሴትዮ መልክ በደብዛዛው ይታያል። ሴትዮዋ የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ ናት፤ መስቀሉም የተሠራው ከጠገራ ብር ነው። 1780 የሚለው ቁጥር ተርፎበት ከተገኘ ደግሞ ሻጩ ወዲያው “ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው” ይላል። ገዢውም ያምናል።

የእኔ ጸብ ከዚህ ቁጥር ጋር ነው። ንግሥቲቱ የሞተችው በ1780 ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ብሩ ግን ከሞተች በኋላም ያው ዓመት እንደተጻፈበት መመታቱን ቀጠለ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ሰዉ ያንን መልክ ለምዶታል፣ ሌላ ሲሰጡት እንቢ ይላል። ሮበርት ቺዝማን የብሪታንያ ቆንስል ሆኖ ዳንግላ ተቀምጦ በነበረበት በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ መጀመሪያ እንኳ የአገራችን ገበያ ይህን ብር ይቀበል ነበር። በ1935 ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር ሲዘጋጅ ጣሊያን የመምቻውን ቅርጽ ከኦስትሪያ አግኝታ ሮም ላይ ማምረት ጀመረች። ከዚያ ፓሪስ፣ ለንደን፣ ብራሰልስ፣ ቦምቤይና በርሚንግሃም ተከተሉ። ሁሉም 1780 ብለው ጻፉ! እንግዲህ በመስቀሉ ላይ ያለው ብቸኛ ማኅተም የራሱን ዕድሜና የትውልድ ቦታ የሚደብቅ ማኅተም ነው።

ቢሆንም አይጣልም። የተለያዩት ማምረቻዎች ብር በጥቃቅን ነገር ይለያያል፤ የንስሩ የጅራት ላባ፣ በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉት እንክብሎች። ከመስቀሉ ላይ የተረፈው ምስል የሮም ሥራ መሆኑ ከታወቀ መስቀሉ ከ1935 በፊት ሊሠራ አይችልም። ብሩ ሳይኖር መስቀሉ ከየት ይመጣል? ልብ በሉ፣ ይህ የሚነግረን “ከዚህ ወዲያ” የሚለውን ብቻ ነው። አንድ ብር ሣጥን ውስጥ ሠላሳ ዓመት ተኝቶ ሊቆይ ይችላል።

ምስሉ ፈጽሞ ከጠፋስ? ያኔ ወደ ፊዚክስ ነው። ጠገራ ብር 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከዚያ ውስጥ 83 በመቶው ንጹሕ ብር፣ የቀረው በአብዛኛው መዳብ ነው። እፍጋቱም በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 10.2 ግራም አካባቢ ይሆናል። ብር የሚመስለው የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ቅልቅል ግን 8.7 ገደማ ነው፤ ውስጡ ጠብታ ብር የለም። ለመለየት መስቀሉን መዝኑ። ከዚያ ውኃ የያዘ ብርጭቆ ዲጂታል ሚዛን ላይ አስቀምጡና ሚዛኑን ዜሮ አድርጉት። መስቀሉን በቀጭን ክር አንጠልጥላችሁ፣ ታቹንና ጎኑን ሳይነካ፣ ውኃው ውስጥ አጥልቁት። ሚዛኑ የሚያሳየው ግራም የመስቀሉ መጠን በኪዩቢክ ሴንቲሜትር ነው። 20.4 ግራም የሚመዝን መስቀል 2.0 ካሳየ የጠገራ ብር ልጅ ሊሆን ይችላል፤ 2.3 ካሳየ ተጠራጠሩ። አረፋ ከተጣበቀበት ወይም ውስጡ ክፍት ከሆነ ውጤቱ ይዋሻል። (ጥር 23 እንጅባራ ላይ የምታዩትን የፈረስ ጌጥ ግን እባካችሁ ውኃ ውስጥ እንዳትነክሩ፤ ቆዳው ይበላሻል፣ ባለቤቱም ይቆጣል።)

እስካሁን ስለ ብሩ እንጂ ስለ ሰውየው ምንም አላወቅንም። ሙዚየሞችና ነጋዴዎች እዚህ ጋ ሲደርሱ “የጎንደር መስቀል”፣ “የላሊበላ መስቀል” ብለው ያልፋሉ። ስሙ የቅርጽ ስም ነው። የላሊበላን ቅርጽ ዳንግላ የተቀመጠ አንጥረኛም፣ አዲስ አበባ ፒያሳ ያለውም ሊሠራው ይችላል። ቅርጹን የሠሪው አድራሻ አድርጎ ማቅረብ ስንፍና ይመስለኛል።

የተሻለው መንገድ የመሣሪያውን ዱካ መከተል ነው። አንጥረኛ ነጥብና ክብ የሚመታባቸው ትንንሽ የብረት መምቻዎች አሉት። የአንዱ ጫፍ ከተሸረፈ ሽራፊው በየምቱ ይደገማል። በስልካችሁ አቅርባችሁ ፎቶ አንሱ፤ የጎረቤትም መስቀል ላይ ያው ሽራፊ ከተገኘ ሁለቱ ከአንድ መሣሪያ፣ ምናልባትም ከአንድ እጅ ወጥተዋል። የሞረዱ ጭረትና የማንጠልጠያው ብየዳ ሲጨመር ግምቱ ይጠነክራል። ስም አናገኝም፣ ግን አንድን ሠራተኛ ከሌላው መለየት እንጀምራለን።

ስሙ ለምን እንዳልተጻፈ ግን ፊዚክስ አይመልስም። እንግሊዝ አገር በ1300 ንጉሥ ኤድዋርድ ቀዳማዊ የብር ዕቃ ተመርምሮ የነብር ራስ እንዲታተምበት ያዘዘው ገዢው እንዳይታለል ነው። እኛ ዘንድ ደንበኛው ብዙ ጊዜ ብሩን ራሱ ይዞ ሄዶ የእጅ ዋጋ ብቻ ይከፍል ነበር፤ ማኅተም ምን ያደርግለታል? ሌላም የሚመር ምክንያት አለ። መስቀሉን በአንገታችን አንጠልጥለን፣ የሠራውን ሰው “ቡዳ” ስንል ኖረናል። አፄ ምኒልክ የእጅ ባለሙያ በሙያው እንዳይሰደብ በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት ነገሩ ስር የሰደደ ስለነበር ነው። እንዲህ የሚሰደብ ሰው ስሙን በሥራው ላይ ባይጽፍ አይገርምም። ስለዚህ “ሠሪው ያልታወቀ” የሚለው ጽሑፍ ቅር ያሰኘኛል፤ የመንደሩ ሰው አንጥረኛውን በደንብ ያውቀው ነበር። የጠፋው የመዘገበው ነው።

ስለዚህ ሚዛኑን ከማውጣታችሁ በፊት አያታችሁን ጠይቁ። ብሩን ማን ሰጠ? ለየትኛው አንጥረኛ? በየት ገበያ? ያሉትን ሁሉ በወረቀት ጽፋችሁ፣ ከፎቶው ጋር አድርጋችሁ፣ መስቀሉ በሚቀመጥበት ቦታ አስቀምጡ። መስቀሉ በግራም ተሸጦ የቀለጠ ቀን የመምቻው ሽራፊ አብሮ ይቀልጣል።