አስር ርምጃ አይበቃም

አዲስ አበባ፣ መገናኛ ባለው የሕክምና ክፍላችን በቅርቡ የተቀጠረች ወጣት ባልደረባዬ «ጋሼ፣ ስልኩ ቁጥሩን ከሰጠን ለምን ደግመን እናስኬዳቸዋለን?» ብላ ጠየቀችኝ። ስትሮክ የመታቸው እናት ሴንሰር ወገባቸው ላይ ታስሮላቸው ኮሪደሩን አንዴ ሄደው ተመልሰዋል፤ የግራና የቀኝ እግራቸው ቅንጅትም በመቶኛ ስልኩ ላይ ወጥቷል። ጥያቄዋ ተገቢ ነው። እኔ ግን በዚህ ጉዳይ ግትር ነኝ፤ መልሴም ይረዝማል።

ፍጥነት ለመለካት ጥቂት ዙር ይበቃል። ቅንጅት ግን ሌላ ነው። ቀኝ ተረከዝ መሬት ከነካበት ቅጽበት ዳግመኛ እስኪነካ ያለውን ጊዜ፣ ማለትም አንዱን ዑደት፣ 360 ዲግሪ ብንለው፣ የግራው ማረፍ ያለበት 180 ላይ ነው። ተመራማሪዎቹ ፕሎትኒክ፣ ጊላዲና ሃውስዶርፍ እ.ኤ.አ. በ2007 ያቀረቡት መለኪያ ሁለት ነገር ይደምራል፦ ከ180 ምን ያህል እንደራቀ፣ ከርምጃ ርምጃም ምን ያህል እንደዋዠቀ። ጣጣው ሁለተኛው ነው። አማካይ ቶሎ ይረጋል፤ መዋዠቅ ግን ብዙ ርምጃ ይፈልጋል። ሂሳቡ በግርድፉ ሲሠራ፣ ከ10 ዑደት የተሰላ መዋዠቅ የስህተት መጠኑ ወደ 22 በመቶ ነው፤ ከ100 ዑደት የተሰላው ወደ 7 ይወርዳል። ታዲያ በአንድ ምልልስ የተገኘ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ «ታካሚዋ ተሻሻሉ» ማለት እንዴት ይቻላል?

የእኛ ችግር ደግሞ ኮሪደሩ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ክሊኒክ የሚሠራው ለመኖሪያ ወይም ለሱቅ በታነጸ ሕንፃ ውስጥ ነው። ታካሚው ርምጃው ገና ሲስተካከል ግድግዳው ይደርሳል፤ ፍጥነት ይቀንሳል፣ ይዞራል፣ እንደገና ይጀምራል። እኔ ሳያቋርጡ እንዲመላለሱ አደርግና የመዞሪያውን፣ ከእሱ በፊትና በኋላ ያሉትንም ርምጃዎች ቆርጬ እጥላለሁ፤ የቀረውን እደምራለሁ። ከደከሙ ተቀምጠው ያርፋሉ፣ ከዚያ እንቀጥላለን።

ትሬድሚል ይሻላል የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። እውነት ነው፣ መቶ ርምጃ ቶሎ ይገኝበታል። ነገር ግን ፍጥነቱን የሚወስነው ማሽኑ ነው፤ ስድሳ ዓመት በመሬት ላይ ብቻ የሄደ ሰው ደግሞ ብረቱን ጨብጦ ነው የሚራመደው። የምለካው የእሱን አረማመድ መሆኑ ይቀራል።

ፍጥነቱ ከቁጥሩ አጠገብ መጻፍ አለበት። ሰው ከልማዱ ቀስ ብሎ ሲሄድ፣ ጤነኛም ቢሆን፣ ቅንጅቱ ይላላል፤ ስለዚህ ዛሬ ፈጠን ያለ ሰው ሳይሻለው የተሻለው ይመስላል። ጫማውም፣ የምንናገረው ቃልም እንደዚያው ነው። «እንደልማድዎ ይሂዱ» ሲባሉና «ቀጥ ብለው ይሂዱ» ሲባሉ የሚራመዱት አንድ ዓይነት አይደለም። በራችንንም እዘጋለሁ፤ እኛ አገር ሽማግሌ በአጠገቡ ያለፈውን ሰው ጎንበስ ብሎ ሰላም ሳይል አያልፍም፣ ያቺ ሰላምታም በርካታ ርምጃ ታበላሻለች።

በሌላ በኩል፣ የግራና የቀኝ አለመመሳሰል ሁሉ በሽታ አይደለም። ሯጩ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በልጅነቱ ደብተሩን ይዞ ትምህርት ቤት ሲሮጥ የለመደውን የግራ ክንዱን አያያዝ እንደያዘ ነው እ.ኤ.አ. በ1996 አትላንታ፣ በ2000 ሲድኒ በ10,000 ሜትር ወርቅ ያጠለቀው። እኔን የሚያሳስበኝ ከርምጃ ወደ ርምጃ የሚለዋወጠው ነው። የሚያነክስ ሰው ማነከሱ የማይለዋወጥ ከሆነ ሰውነቱ መላ አግኝቷል ማለት ነው፤ ሲዋዥቅ ግን ለመገናኛው የታክሲ ግፊያ ልለቀው እፈራለሁ።

አባቴ ስትሮክ ከመታው በኋላ ለወራት ሕክምና ተመላልሷል። ሁልጊዜ «በጣም ተሻሽለዋል» ይባላል። እሱ የሒሳብ መምህር ነበርና «በስንት?» ይላል። አይተው ነበር እንጂ ማንም ለክቶ አያውቅም፤ እየተደገፈ በወጣ ቁጥር ፊቱ ላይ የማየው ቅሬታ ነው ወደዚህ ሙያ ያመጣኝ። ዛሬ በታካሚዎቼ ካርድ ላይ ቁጥሩን፣ የስህተት ወሰኑን፣ ፍጥነቱንና የተቆጠረውን ርምጃ እጽፋለሁ። ለውጡ ከስህተቱ ወሰን ካላለፈም «ገና አላወቅንም» እላቸዋለሁ። ቅር የሚላቸው አሉ፤ አብዛኞቹ ግን ካርዱን ተቀብለው ያለፈው ወር ስንት እንደነበር ራሳቸው ያመሳክራሉ።