ሰባ ኩንታል በጠረጴዛ ላይ

የዐፄ ቴዎድሮስን ትልቅ መድፍ፣ የሴባስቶፖልን ዲዮራማ (በትንሹ የተቀረጸ ትዕይንት) ልሥራ ብሎ የሚነሣ ሰው ቀድሞ የሚጨነቀው ለመድፉ ነው። መድፉ ግን ቀላሉ ሥራ ነው፤ ከእንጨት ጠርበው ቀለም ቢቀቡት አለቀ። የሚያስቸግረው ክብደቱ ነው። ወደ 70 ኩንታል የሚመዝን ነሐስ በጋይንት ተራራ ላይ በሰው ጉልበት መጎተቱን ካላሳየ፣ ምንም ቢያምር መጫወቻ ነው።

እኔ የመረጥኩት የጨጨሆን ገደል ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ተነሡ፤ መንገድ እያስጠረጉ በጋይንት በኩል ጨጨሆን፣ ቤተ ሖርን፣ ጅዳን፣ በሽሎን ተሻግረው መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው። ዛሬ ከነፋስ መውጫ ተነሥቶ በመኪና የሚያልፍ ሰው ገደሉን በመስኮት እያየ «እንዴት አድርገው?» ይላል። ጄሶና ክር መመለስ ያለባቸው ይህን ጥያቄ ነው።

መጠኑ 1 ለ72 ነው፤ አንድ ሰው 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል አይሞላም። እንዲህም ሆኖ 500 ጎታች በስምንት ረድፍ ቢሰለፍ፣ ሰረገላው ሳይቆጠር ከ1 ሜትር በላይ ይፈጃል። ስለዚህ ከሰረገላው አጠገብ ያሉትን ብቻ አቁሜ፣ የሚጎትቱበት ጠፍር ከሰሌዳው ጠርዝ አልፎ እንዲቋረጥ አደረግሁ። የቀሩትን ተመልካቹ ይሙላቸው።

ጠፍሩ ሰም የተቀባ ክር ነው፤ ውስጡ ቀጭን የመዳብ ሽቦ አለ። ትንሽ ከረገበ መድፉ ባዶ ይመስላል። ሰዎቹም ከወገባቸው ሳይሆን ከቁርጭምጭሚታቸው መዘንበል አለባቸው፤ ከወገቡ ያጎነበሰ ሰው አጫጅ ነው የሚመስለው። ተረከዙ ይነሣል፣ ጣቱ አፈር ይነክሳል። ለዚህም ጄሶው ሳይጠነክር እግሩን መትከል ነው፤ ኋላ በኮላ የተለጠፈ እግር ከሩቅ ያስታውቃል። የመንኮራኩሩ ፈርም እንዲሁ በእርጥቡ ይሠራል።

ቀለም ላይ ነጭ አልነካም። ለወራት አቧራ የጠጣ ሸማ ነጭ አይሆንም፤ ከታች ቡናማ፣ ቀጥሎ የአፈር ቀለም፣ እጥፋቱ ጫፍ ላይ ብቻ ክሬም። ሣሩም የበጋ ሣር ነው፤ አረንጓዴ ከተቀባ ወራቱ ተሳሳተ። መድፉን ብዙ ሰው ዛሬ መቅደላ ላይ እንዳለው አጥቁሮ ይቀባዋል። ያ ግን ከ150 ዓመት በላይ ዝናብና ፀሐይ የተፈራረቀበት ነው። ጨጨሆ ላይ ግን ከተሠራበት ከጋፋት የወጣ አዲስ ነሐስ ነበር፤ ቢጫው ከአቧራው ሥር መታየት አለበት።

ንጉሡን የት ላቁማቸው? በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ወግ የተከበረው ሰው ገዝፎ ይሣላል፤ ጻድቅ በሙሉ ፊቱ፣ ጠላት በአንድ ዓይኑ ነው፤ የአድዋ ሥዕሎችም ይህንኑ ወርሰዋል። ዲዮራማ ዙሪያውን ስለሚታይ ይህን መላ አይቀበልም። ደግሞም ቴዎድሮስ በመንገድ ሥራው ላይ በገዛ እጃቸው ድንጋይ ያነሡ እንደነበር አብረዋቸው የነበሩ አውሮፓውያን ጽፈዋል። ስለዚህ በፈረስ ላይ የሉም፤ ቁመታቸውም ከሌላው አይበልጥም፤ ከመንገድ ጠራጊዎቹ መካከል ጎንበስ ብለዋል።

አንድ ጥግ ላይ ክዳኑ የተነሣ ባዶ ጎተራ አለ። ሠራዊቱ የሚበላው ከገበሬው ነበርና። ጀግንነቱን ብቻ ማየት የሚፈልግ ሰው «ይህን አንሣው» ይለኛል። አላነሣውም፤ ደግሞ ከመድፉ የበለጠ ያለፋኝ እሱ ነው፤ በዚያ ልክ የተለሰነ ጭቃ ሲደርቅ እየተሰነጠቀ አስቸገረኝና በመጨረሻ በኮላ አቡክቼ ነው የለሰንኩት።