ድንጋዩን ያየ፣ ነዋሪውን የዘነጋ

የጉዞ ጽሑፍ አንዱ የሥነ ጽሑፍ ዘርፍ እንደመሆኑ መጠን በሂስ ሚዛን ሊመዘን ይገባዋል። ስለ ክሮኤሺያ ጠረፍ የሚቀርቡት አብዛኞቹ ጽሑፎች የባሕሩን ሰማያዊነትና የግንቡን ጥንታዊነት ሲያደንቁ፣ ውበቱን ያቆየውን ሕይወት ይዘነጉታል።

የስፕሊትን ከተማ እንመልከት። በእኛ ዘንድ በሰማዕታት አሳዳጅነቱ የሚታወቀው ዲዮቅልጥያኖስ፣ እ.ኤ.አ. በ305 ዙፋኑን ለቆ የኖረበት ቤተ መንግሥት እስከ ዛሬ የቆመው በቄሣሩ ዝና አይደለም። በ7ኛው መቶ ዘመን ከሳሎና የተሰደደው ሕዝብ በቅጥሩ ተጠልሎ አዳራሹን መኖሪያ ስላደረገው ነው። የአሳዳጁ መቃብር እንኳ በሰማዕቱ በዶምኒዮስ ስም የሚጠራ ካቴድራል ሆኗል።

ተፈጥሮም ይህንኑ ታስተምራለች። ከጠረፉ ራቅ ብሎ በሚገኘው ፕሊትቪትሴ፣ 16ቱን ሐይቆች በደረጃ የሚከፍሉት ግድቦች የተሠሩት ውሃው ያሟሟው ኖራ በጥቃቅን ዕፀዋት ላይ እየረጋ ነው። ድንጋዩን የሚገነባው ሕይወት ነው ማለት ነው።

ዱብሮቭኒክ ግን ታሳስባለች። እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ1992 በመድፍ የተደበደበው ጣሪያዋ ተጠግኗል፤ ሆኖም ቤቱ የጎብኚ ማረፊያ እየሆነ በቅጥሯ ውስጥ የሚኖረው ሕዝብ ተመናምኗል። ይህ ለተውኔት ጸሐፊ ግልጽ ነው፤ መድረኩ አምሮ ተዋናይ ያጣ ትርኢት ማለት ነው።

እንግዲህ ዱብሮቭኒክንም ሆነ የራሳችንን ሐረር ጀጎልን የሚገልጽ ደራሲ፣ ግንቡን ማን እንደሠራው ብቻ ሳይሆን ዛሬ በውስጡ እሳት የሚያነደው ማን እንደሆነ ሊጠይቅ ይገባዋል።